ቅርፊቱን ፋቅ አድርገን እንይ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በደስታ ቀን ስለ በሽታ መናገር ደስ ላይል ይችላል። ነገር ግን ዩኒየናችን የቆመው በቡና ነው፤ ቡናው ከደረቀ የምናከብረው በዓል አይኖርም።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ አባት ማሳቸው ወስደው አንድ የጠወለገ እግር ቡና አሳዩኝ። «ምች መትቶታል» አሉኝ። እኔም ቅጠሉን ብቻ አይቼ «የውኃ እጥረት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ያገግማል» ብዬ ተመለስኩ። ዝናቡ መጣ፤ ቡናው ግን ደረቀ። በዓመቱ በዙሪያው ያሉትም ተከተሉ። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር፤ የእኔ ስህተት ግን ይብሳል። ቅርፊቱን ፋቅ አድርጎ ማየት የእኔ ሥራ ነበርና።

ያ በሽታ የቡና አድርቅ በሽታ ነው። የሚያመጣው ፉዛሪየም ዛይላሪዮይድስ የተባለ ፈንገስ ሲሆን፣ በአገራችን ከታወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፈንገሱ በአፈርና በሞተ ግንድ ውስጥ ይቆያል፤ በቁስል በኩል ይገባና የዛፉን የውኃ መተላለፊያ ይዘጋል። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1993 በሮቡስታ ቡና ላይ ታይቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎችን አድርቋል። የእኛን ዓረቢካ የሚያጠቃው የዚሁ ፈንገስ ሌላ ዝርያ ነው።

እንዴት እንለየው?

አንደኛ፣ ብዙውን ጊዜ መጠውለጉ በአንድ ጎን ይጀምራል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ይጠቀለላል፤ ይረግፋል።

ሁለተኛ፣ ከግንዱ ሥር ቅርፊቱን በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት እንጨቱ ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም ይታይበታል። በውኃ እጥረት የጠወለገ ቡና ግን ይህ ቀለም የለውም። ከቅርፊቱ ሥር ነጭ የሻጋታ ንጣፍ ከታየ ደግሞ ሌላ የሥር አበስባሽ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ዛፉ ከሞተ በኋላ በግንዱ ሥር ቅርፊት ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይወጣሉ።

ምልክቱ ካጠራጠረ፣ ፈጽሞ ካልደረቀ ዛፍ የግንድ ቁራጭ ወስዳችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ አምጡልን። በላስቲክ ከታፈነ ይሻግታል። ፈንገሱን በእርግጠኝነት የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው።

የታመመ ቡና የሚያድን መድኃኒት የለውም። ከነሥሩ ነቅሎ እዚያው ማቃጠል ያስፈልጋል። ለማገዶ ብለን በማሳው መሐል ከጎተትነው በሽታውን በእጃችን ዘራነው ማለት ነው። ስንመነጥር ገጀራችን ግንዱን እንዳያቆስል በግንዱ ዙሪያ ያለውን አረም በእጅ እንንቀል። የታመመ ዛፍ የነካ ገጀራ በእሳት ሳይለበለብ ወደ ጤነኛው አይለፍ።

አባቶቼና እናቶቼ፣ ፍሬ የያዘ ቡና መንቀል ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። አንዱ ነቅሎ ጎረቤቱ ቢተው ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ የታመመ ቡናውን አስቀድሞ ያሳወቀና የነቀለ አባል ከችግኝ ጣቢያችን ቅድሚያ ያግኝ። እንዲህ ከሆነ ማንም በሽታውን አይደብቅም።

እኒያ አባት ዛሬም ቡና ያመርታሉ። ቢላቸው ግን ከኪሳቸው አይለይም። የሁላችንም እንደዚያው ይሁን።