ፌስቡክን ያጠፉት ኔም ሰርቨሮች

እሷ፦ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ባንዴ ጠፉ። ለስድስት ሰዓት ያህል!

እሱ፦ ሰርቨሮቹ እኮ አልተቃጠሉም። ለጥገና የተሰጠ አንድ ትዕዛዝ የፌስቡክ ኩባንያን የዳታ ማዕከላት የሚያገናኘውን መረብ ቆረጠው። ኔም ሰርቨሮቹ ማዕከላቱን ማግኘት ሲያቅታቸው፣ ወደ ራሳቸው የሚወስደውን መንገድ ከኢንተርኔት ላይ አነሱት።

እሷ፦ ለአድማጮቻችን እናፍታታው። ስልካችን የድረ ገጹን ስም ወደ አይፒ አድራሻ መለወጥ አለበት። የመጨረሻውን መልስ የሚሰጡት የዶሜይኑ ባለቤት የመደባቸው ኔም ሰርቨሮች ናቸው። እነሱ ዝም ካሉ፣ ድረ ገጹ ቢኖርም የለም።

እሱ፦ የፌስቡክ ኔም ሰርቨሮች አራት ነበሩ፤ አራቱም ግን በራሱ በኩባንያው ኔትወርክ ሥር። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አርኤፍሲ 2182 የተባለው የኢንተርኔት አሠራር መመሪያ እኮ በቦታም በኔትወርክም አራርቋቸው ይላል።

እሷ፦ ዶሜይን የገዛ አንድ አነስተኛ ድርጅትስ ምን ያድርግ?

እሱ፦ ቢያንስ ሁለት ኔም ሰርቨር፣ በተለያየ ኔትወርክ ላይ። ዋናው ላይ መዝገቡን ሲቀይር፣ ኤስኦኤ የሚባለው መስመር ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር ከፍ ማድረግ አለበት። ካልጨመረ ሁለተኛው ለውጡን አይወስድም፤ ግማሹ ደንበኛ አዲሱን አድራሻ፣ ግማሹ አሮጌውን ያገኛል።

እሷ፦ ይህንንስ በምን ያውቃል?

እሱ፦ ‘ዲግ’ በሚባለው ትዕዛዝ እያንዳንዱን ሰርቨር ለየብቻ ይጠይቅ። መልሶቹ ከተለያዩ፣ ደንበኛ ሳይደውልለት በፊት እሱ አገልግሎት ሰጪው ጋ ይደውል።