ምን ካሜራ ልግዛ?

ዩቲዩብ ልክፈት ብሎ የተነሳ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፤ «ምን ካሜራ ልግዛ?» እኔ ደግሞ መልሼ «የት ክፍል ውስጥ ነው የምትቀርጸው?» እላለሁ። ቅር ይለዋል። የጠየቀኝ ስለ ካሜራ፣ የመለስኩለት ስለ ቤት!

የሬዲዮ ሰው ነኝና ለድምፅ ባዳላ አይፈረድብኝም። ግን እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። ምስሉ ደብዘዝ ቢል እንኳ ወሬው ከጣመን እስከ መጨረሻው እናያለን። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ከመሰለ ግን ማን ይታገሳል? በጣታችን ገፋ አድርገን እናልፈዋለን።

ስልካችሁን ሁለት ሜትር ላይ አቁማችሁ ስታወሩ ማይኩ የሚሰማው እናንተን ብቻ አይደለም። ድምፃችሁ ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና የሴራሚክ ወለሉን እየመታ ይመለሳል። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በቀጥታ ከአፋችሁ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ኃይሉ ሩብ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ከግድግዳ የሚመለሰው ግን እምብዛም አይቀንስም። ገና ዕቃ ባልገባበት ኮንዶሚኒየም ሳሎን የተቀረጸ ሰው ሻወር ቤት ሆኖ የሚያወራ የሚመስለው ለዚህ ነው።

መላው ርካሽ ነው። ትንሿን ማይክ ደረት ላይ፣ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጎ መሰካት። ማይክ ከሌለ ሁለተኛ ስልክ ተውሳችሁ፣ ድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ፣ ካሜራው በማያየው በኩል አፋችሁ አጠገብ አስቀምጡት። ሁለቱም መቅረጽ ሲጀምሩ አንዴ ጮክ አድርጋችሁ አጨብጭቡ፤ ኤዲት ስታደርጉ «ጧ» ያለችውን ቦታ መዳፎቻችሁ ከተገናኙበት ምስል ጋር ታገጣጥማላችሁ። ክፍሉን ደግሞ ወፍራም መጋረጃ፣ ፍራሽ፣ ጋቢ አልብሱት። ከካሜራው ጀርባ የተሰቀለ ጋቢ ማን ያየዋል? ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ላላችሁ ግን፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ቡና ከማፍላት ሌላ የምመክረው የለኝም።

ብርሃንን በተመለከተ ፊታችሁን ወደ መስኮት አዙሩ፣ ጀርባችሁን አትስጡት፤ ይኸው ነው። ብዙ ሰው የሚያደናግረው ማታ በአምፖል ሲቀርጹ ምስሉ ላይ የሚርገበገበው ጥቁር መስመር ነው። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፣ ለዓይናችን ግን አይታወቅም። ካሜራው ሹተሩን ለ1/60 ሰከንድ ከከፈተ 100 ለ60 እኩል አይካፈልምና ብርሃኑ ይዛነፋል። 1/50 ላይ ስታደርጉት በእያንዳንዱ ፍሬም ልክ ሁለት ሁለት ብልጭታ ይገባል፤ መስመሩም ይጠፋል። የፍሬሙን ቁጥር በሰከንድ 25 ብታደርጉት ደግሞ ይስማማዋል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ስለላከው ካሜራ «እዚያ እያለ እንዲህ አያደርግም ነበር» የሚባለውም እውነት ነው፤ የእነሱ መብራት 60 ኸርዝ ነው።

አሁን ወደ ብሶቴ ልግባ፤ ማጀቢያው! አንድ አባት ስለ ልጅነታቸው ያጫውታሉ፣ ከኋላ ዋሽንቱ አብሯቸው ይናገራል፤ የቱን እንስማ? ሙዚቃው ከንግግሩ ወደ 20 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይበል፤ ጨዋታው ሲጥምማ ጭራሹኑ ይጥፋ። ድምፁን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ መጫንም ትርፍ የለውም፤ በጣም የጮኸውን ዩቲዩብ ራሱ ዝቅ ያደርገዋል።

ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት በጥሩ ጆሮ ማዳመጫ ሰምታችሁ ብቻ አትርኩ። በርካሽ ስልክ ስፒከር ክፈቱትና ወጥ ቤት፣ ሽንኩርት የሚያቁላላ ሰው አጠገብ አስቀምጡት። «ምን አለ?» ከተባላችሁ ተመልሳችሁ ማጀቢያውን ቀንሱ።