አልካሊም ያቃጥላል



ብዙ ሰው አሲድ ሲባል ይሸሻል፤ ካስቲክ ሶዳን ግን እንደ ሳሙና ውሃ ይደፍረዋል። እኛ ይህን እንቃወማለን።

በንጹሕ ውሃ ውስጥ የሃይድሮጂንና የሃይድሮክሳይድ አዮኖች እኩል ናቸው፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፒኤቹ 7 ነው። በአንድ ሊትር ውሃ 4 ግራም ካስቲክ ሶዳ ብናሟሟ ሃይድሮክሳይዱ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል፤ ሃይድሮጂኑም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ፒኤቹ ወደ 13 ይወጣል። አራት ግራም እኮ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም!

አሲድ ዓይን ውስጥ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ፕሮቲኑን አርግቶ የራሱን መንገድ ይዘጋል። ሃይድሮክሳይድ ግን ስቡን ወደ ሳሙና እየለወጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በአሲድ እናብርደው ማለት ሙቀት መጨመር ነው። ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ እንጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት። መከላከያ መነጽር ሳናደርግም ጠርሙሱን አንክፈት።