ውኃ ሳይጠጡ ከተማ የሚገቡ ወገኖች

(እንጅባራ ላይ በአንድ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የተጋበዝኩት ስለ ሽንት ቤት እንድናገር ነው። ይህን የሰማ አንድ የሙያ ባልደረባዬ «ሰላም በጠፋበት፣ ኑሮ ጣራ በነካበት ጊዜ አንተ ስለ ሽንት ቤት?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ፣ ግድ የለም። ሁለት ጤነኛ እግር ያለው ሰው በዚህ ጉዳይ መሳቅ ይችላል። ሲጨንቀው ከአንዱ አጥር ሥር ዘወር ይላላ!

በቅርቡ ከዳንግላ ወደዚህ ስመጣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው ሁለት ክራንች ይዘው ነበር። ጉዳያቸው መሥሪያ ቤት ነው። ውኃ ገዝቼ ብሰጣቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ እኔ ከተማ በምገባ ቀን ውኃ አልቀምስም» አሉኝ። ጾም መስሎኝ ዝም አልኩ። ኋላ ሲያጫውቱኝ ነገሩ ሌላ ነው። ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጀምረው ቡናውንም፣ ጠላውንም፣ ውኃውንም ይተዋሉ። በማግስቱ ሲመሽ ቤታቸው ገብተው ነው የሚጠጡት። «ሽንት ቤት የለም እንዴ?» ብላቸው «አለ እንጂ! ግን ክራንቹን የት ጥዬ ልቀመጥ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸውን እስኪ እናስበው። በከተሞቻችን የሕዝብ ሽንት ቤት የሚባለው አብዛኛው ወለሉ ላይ ቀዳዳ ያለበት፣ ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት ነው። በክራንች የሚሄድ ሰው ቁጢጥ ማለት አይችልም። በዊልቸር የሚሄደውማ መጀመሪያ በሩ አያስገባውም። ከገባም ከወንበሩ ወርዶ፣ ሌላው ሰው በጫማው የረገጠውን እርጥብ ወለል በመዳፉ እየደገፈ መሄድ አለበት። በዚያው መዳፍ ነው ኋላ እንጀራ የሚቆርሰው! የእንጅባራን ዝናብና ቀይ ጭቃ ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም። ዓይነ ስውሩም ቢሆን ቀዳዳው የት እንዳለ በእግሩ እየዳበሰ ነው የሚፈልገው። በጎጃም ደጋ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲሄዱ ኖረው እግራቸው ያበጠ፣ እኛ ዝሆኔ የምንለው የያዛቸው ገበሬዎች አሉ። አካል ጉዳተኛ ብሎ የሚመዘግባቸው የለም፣ ቁጢጥ ማለት ግን አይችሉም። ከነዚህ ሁሉ የሴቷ ይብሳል። ወንዱ ቢያንስ ጨለማ ጠብቆ ግድግዳ ይደገፋል። እሷ የወር አበባዋ ሲመጣ እንኳ ምን ታድርግ?

ታዲያ መፍትሔው አለመጠጣት ሆነ። አለመጠጣትና ሽንት መያዝ ደግሞ በሽታ ነው። ሐኪሞች እንደሚነግሩን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የኩላሊት ጠጠር ያመጣል። የጀርባ አጥንታቸው ተጎድቶ ሽንታቸውን በቱቦ ለሚያስወጡ ወገኖች ንጹሕ ቦታ ማጣት ኩላሊትን እስከማጣት ያደርሳል። እንግዲህ አንድ ማኅተም ለማስመታት ኩላሊት የሚከፈልበት አገር ነው ያለን!

ባለሥልጣኖቻችን ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቁ «ቁጥራቸው ስንት ነው?» ይላሉ። በ1999 ዓ/ም የሕዝብ ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ አካል ጉዳተኛው ከመቶ አንድ ገደማ ነው ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በዓለም ላይ ከመቶ 16ቱ የአካል ጉዳት አለበት ይላል። እኛ ምን የተለየ ጠበል ጠጥተን ነው በጤናችን ዓለምን የበለጥነው? ሰዎቹ አሉ፣ ከቤት አልወጡም እንጂ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ/ም በሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ዓ/ም ማብቂያ ጀምሮ በገዛ ክልላችን በተነሣው ውጊያ እግርና እጃቸውን ያጡትን ስንጨምርባቸው ደግሞ ነገሩ ምን እንደሚመስል እናንተ ታውቁታላችሁ። የተዋጊውን ጀግንነት የሚያወራ ካድሬ ሞልቷል። ጀግናው ተቆርጦ ሲመጣ የሚገባበትን በር የሚያሰፋ ግን ጠፋ።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃም ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹና የሚደርሱባቸው በቂ መጸዳጃዎች እንዲኖሩ ደነገገ። አዋጁ የወጣው 10,000 ነዋሪና ከዚያ በላይ ላላቸው ከተሞች ነው። እንጅባራም ዳንግላም ገና በ1999 ዓ/ም ቆጠራ እያንዳንዳቸው ከ20,000 በላይ ነዋሪ ነበራቸው። ስለዚህ «አዋጁ ለአዲስ አበባ ነው» የሚል ሰበብ አይሠራም። በ2002 ዓ/ም ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። ሲጸድቅ ጭብጨባ ነበር። ከጭብጨባው በኋላ በየከተማችን የተሠሩትን ሕንፃዎች ዞራችሁ እዩ።

አንዳንድ ቦታ ለይስሙላ ይሠራል። በአንድ መሥሪያ ቤት የዊልቸር ሥዕል የተለጠፈበት በር አይቼ ደስ አለኝና ከፍቼ ልይ ብል ተቆልፏል። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው ተባልኩ። ጥበቃው ምሳ ወጥቷል። ሲመጣና ሲከፈት ውስጡ መጥረጊያ፣ የተሰበረ ወንበርና የወረቀት ካርቶን ተከምሮበታል። ይህ እንግዲህ በሪፖርት ላይ «አካል ጉዳተኞችን ያካተተ» ተብሎ የተጻፈው ነው።

«በጀት የለም» ይሉናል። ለመሆኑ ምን ያህል በጀት ነው? የበሩ ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ውስጡ ዊልቸር የሚዞርበት አንድ ሜትር ተኩል ክፍት ቦታ ይኑረው። መቀመጫው ከወለሉ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ በግራና በቀኝ የሚይዙት ብረት ይኑር፣ ቧንቧው ተቀምጦ ይደረስበት። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፣ ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን እንዳይዘጋው። ደረጃ ካለ በጎኑ መወጣጫ ይሠራ። 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላላት አንዲት ደረጃ አንድ ሜትር ከ80 የሚረዝም መወጣጫ ይበቃታል። ይህ ሁሉ ገና ሲገነባ ከታሰበበት የጥቂት ብሎኬትና የአንድ ቁራጭ ብረት ጉዳይ ነው፤ ካለቀ በኋላ አፍርሶ መሥራት ነው ውዱ።

ለነባሩ ሽንት ቤትስ? እንጅባራ የቀርከሃ አገር አይደለችም እንዴ! መሐሉ የተከፈተ፣ ቀዳዳው ላይ የሚቀመጥ ጠንካራ የቀርከሃ ወንበር ይህን የሚያቅተው ባለሙያ እዚህ የለም። ዘለቄታ ያለው መፍትሔ አልልም፤ ቀርከሃ እርጥበት ይጎዳዋል፣ ማጽዳቱም ያስቸግራል። ግን እስከዚያው ሰውን ከወለል ያነሣል።

ሌላው ዓለም ከዚህም አልፎ ሄዷል። በእንግሊዝ አገር መያዣ ብረት ብቻ አይበቃም የተባለው ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደ ቅስቀሳ ነው። ራሱን ችሎ ከወንበሩ መነሣት የማይችል ሰው አለ፣ የ14 ዓመት ልጇን የምትቀይር እናት አለች። ለእነሱ 12 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው፣ ማንሻ መሣሪያና ለአዋቂ የሚሆን መተኛ ያለው ክፍል ያስፈልጋል ተባለ። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ ትልልቅ አዳዲስ የሕዝብ ሕንፃዎች ይህን እንዲሠሩ ተገደዋል። የእኛዋ እናት ልጇን አዝላ መጥታ ነጠላዋን መሬት ላይ አንጥፋ ነው የምትቀይረው፣ ያውም ሰው እያያት። ማንሻ መሣሪያው ይቆየን፤ የሚዘጋ በርና አንድ ንጹሕ አልጋ ግን ከአቅማችን በላይ አይደለም።

በ2016 ዓ/ም «ጽዱ ጎዳና ኑሮ በጤና» ተብሎ ለሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ገንዘብ ሲሰበሰብ ሕዝቡ ከኪሱ አዋጥቷል። ሐሳቡን አልነቅፍም፣ እሰየው ነው። ግን በዚህ ዓይነት ዘመቻ የሚሠራው ሁሉ አንቀጽ 36ን ማሟላቱን ማን ለካ? ብሩን የሰጠው ሕዝብ ይህን የመጠየቅ መብት አለው። በየከተማው ለመንገድ ዳር መብራትና ለዘንባባ የሚተጋ ሹም ለአንድ መወጣጫ ሲሚንቶ አጣሁ ቢለኝ አላምነውም።

እዚሁ ደጃችን ደግሞ ጥር 23 አለ። በ1932 ዓ/ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር እንግዳው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ፈረስ ላይ የወጣ ሰው እግሩ ሸባ ይሁን ጤነኛ ማንም አይለየውም፣ እኩል ነው የሚጋልበው። ከኮርቻው ሲወርድ ነው ልዩነቱ የሚጀምረው። ለዚያ ቀን ጊዜያዊ ሽንት ቤት ሲቆም ከመካከሉ ሁለቱ ደረጃ የሌላቸው፣ በራቸው ሰፊ፣ መቀመጫ ያላቸው ይሁኑ ብዬ ከአሁኑ እጠይቃለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ቁልፉ ያለው የሕንፃ ሹም የሚባለው ሰው ዘንድ ነው። ፕላን የሚያጸድቀው፣ ሕንፃው ሲያልቅ የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነው። ሜትሩን ይዞ ይምጣ። በሩ 90 ካልሞላ አይፈርም፣ የሆቴሉ ባለቤት የማንም ዘመድ ይሁን! ሲለካም አንድ በዊልቸር የሚሄድ ሰው አብሮት ይግባ፤ ወረቀት ያላየውን እሱ ያያል።

አንድ ነገር ተናግሬ ልቀመጥ። ይህ የተሰበሰብንበት አዳራሽ መግቢያው ላይ ደረጃ አለው። ዊልቸር የያዙ ሁለት ወንድሞቻችን ጠዋት በሰው እጅ ተነሥተው ነው የገቡት፣ ሻዩ ሲዞርም አልጠጡም። ፕሮግራሙ ከሰዓት በኋላም ይቀጥላል ተብሏል። አዘጋጆቹ ሆይ፣ ውይይቱን አሁኑኑ እንጀምርና እስከ ምሳ ሰዓት ጨርሰን ሰዎቹን ወደ ቤታቸው እናድርሳቸው።