የትምህርት ምስክሩ ማን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን እንድናገር በተፈቀደልኝ ጥቂት ደቂቃ፥ ስለ ግል ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የማስተማር ደረጃና ስለ ቁጥጥራቸው አሳቤን ላቀርብ እወዳለሁ።

ይህ ነገር የአዲስ አበባ ሰዎች ጉዳይ እንጂ የንፋስ መውጫ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ገደማ ብቻ ነበሩ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በር ለብዙዎች ጠባብ ነው። በሩ የጠበበበት ልጅ ዓይኑን ወደ ግል ኮሌጅ ያነሣል፤ አባቱም በግ ሸጦ፥ ገብሱንና ድንቹን ገበያ አውጥቶ ይከፍላል። ታዲያ ይህ የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ገበሬ በገንዘቡ የሚገዛው ትምህርት ነው ወይስ ወረቀት? ይህንስ የሚመሰክርለት ማን ነው?

ለጥያቄው የሚሆን ምሳሌ ሩቅ ሳንሄድ በገዛ አገራችን እናገኛለን። በጋይንት ምድር ያሉት ቤተ ልሔምና ዙር አባ፥ የመጀመሪያው የድጓ፥ ሁለተኛው የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ በመሆን በመላው ኢትዮጵያ የታወቁ ናቸው። የድጓ ተማሪ በጎጃምም ይማር በወሎ፥ በአንድ መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ለዓመታት ያጠናል። መምህሩም ወንበር ዘርግቶ ሲያስተምር ከልካይ የለበትም። ይሁን እንጂ ተማሪው በድጓ መምህርነት ሊከበር ቢፈልግ ወደ ቤተ ልሔም ይመጣል፤ በዚያም ባላስተማረው መምህር ፊት ቀርቦ ያስመሰክራል። ስሕተት ቢገኝበት ተቀምጦ ይታረማል።

ከዚህ ሥርዓት ሁለት ቁም ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ማስተማሩ ነጻ ቢሆንም ምስክርነቱ የጋራ ነው። ሁለተኛ፥ ዕውቀቱ የጎደለ ሰው የሚታረምበት ቦታ አለው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ይህን ሲያስተውሉ ነው።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት እንመለስ። በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተ ወዲህ፥ ከፍተኛ ትምህርት ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ነበረ። በደርግ ዘመን የግል ትምህርት ቤቶች ተወረሱ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን ለግል ባለሀብት በር ከፈተ። ከዚያ በኋላ ከተነሡት ኮሌጆች እነ ዩኒቲና እነ ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ እስከ መባል ደርሰዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 ደግሞ የአግባብነትና የጥራት ኤጀንሲን አቋቋመ፤ ይህም መሥሪያ ቤት ዛሬ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይባላል። በ2002 ዓ.ም. የግል ኮሌጆች ሕግንና መምህርነትን እንዳያስተምሩ ታዘዘ። እንዲህ ያለው ትእዛዝ መልካሙንና መጥፎውን በአንድነት ከደጅ የሚያስቀር ነው። በር መዝጋት ቀላል ነው፤ ገብቶ መመርመር ግን ድካም ይጠይቃል።

እውነተኛው ሚዛን የተሰቀለው በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 77,981 ተማሪዎች 48,632ቱ አለፉ፤ ይህም ከመቶ 62 ያህል ነው። ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ያለፉት ግን 12,422 ብቻ ናቸው፤ ይኸውም ከመቶ 17 ነው። ከስድስት ተማሪዎች አምስቱ ወደቁ ማለት ነው።

ፍርዳችን ግን የቀና ይሁን። በ12ኛ ክፍል ብልጫ ያገኙት በመጀመሪያ የሚመደቡት ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ወደ ግሉ ከሚገቡት ብዙዎቹ ቀን ሥራ ውለው ማታ የሚማሩ፥ አለዚያም በርቀት የሚከታተሉ ናቸው። ደግሞም በመንግሥቱ ቤት ከመቶ 38ቱ መውደቃቸውን አንዘንጋ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ተማሪውን አውቆ የተቀበለ፥ ክፍያውን በየወሩ የሰበሰበ፥ በየመንፈቁም «አልፈሃል» እያለ ያሳለፈ ኮሌጅ፥ በመጨረሻው ቀን «ሰነፍ ነበር» ቢል ማን ይቀበለዋል?

የእኔ አሳብ እንዲህ ነው። የመውጫ ፈተና አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን የሚመጣው ገንዘቡም ዕድሜውም ካለቀ በኋላ ነው። የወደቀው ተማሪ ደግሞ መፈተን ተፈቅዶለታል፤ ደግሞ የሚያስተምረውስ ማን ነው? በቤተ ልሔም የሚታረምበት መምህር ነበረው፤ የዛሬው ግን ብቻውን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ያስተማረው ኮሌጅ የወደቀበትን ልጅ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያርመው በሕግ ይገደድ። የየኮሌጁ ውጤት በየትምህርቱ ዓይነት ተለይቶ በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ገበሬውም ልጁን ከመላኩ በፊት ያስነብበው። ተቆጣጣሪዎችም የሕንፃውን ክፍሎች ከመቁጠር አልፈው፥ መምህሩ ሲያስተምር ከተማሪው ጋር ተቀምጠው ያድምጡ።

እናንተም ወላጆች፥ የመጀመሪያውን ክፍያ ከመክፈላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፈቃድ የሚሰጠው በየትምህርቱ ዓይነትና በየቅርንጫፉ ስለ ሆነ፥ «ፈቃድ አለን» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ፈቃዱ ለዚህ ትምህርት ነውን? ለዚህ ከተማ ቅርንጫፍ ነውን? ለቀን፥ ለማታ ወይስ ለርቀት? መምህራኑ የራሱ ናቸው ወይስ ከሌላ ቦታ በሰዓት የሚመጡ? ባለፈው ዓመት ከተፈተኑት ስንቱ አለፉ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚሸሽ ኮሌጅ መልሱን ሰጥቷችኋል ማለት ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች የቀረልን ደግሞ አንድ ነገር ነው። እኛ ወረቀቱን ብቻ የምንፈልግ ከሆነ፥ ወረቀት ብቻ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። ዕውቀትን የምንፈልግ ከሆነ ግን፥ ነጋዴው ሳይወድ በግድ መምህር ይቀጥራል። የድጓው ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፥ የጋይንት ሰው በሰጠው ቁራሽ እየኖረ፥ ወደማያውቀው መምህር ፊት በእግሩ የመጣው በዕውቀቱ ስለ ተማመነ ነው። እኛም በማንኛውም መርማሪ ፊት ለመቆም የማንፈራ እንሁን።

 እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።