ሂሳቡን ተጣልተን እንከፍላለን፣ አስተናጋጇን ግን እንረሳታለን

(ይህ ጽሑፍ በሳተላይት ቴሌቪዥን በሳምንታዊው ሐተታ የቀረበ ንግግር ሲሆን፣ ለንባብ እንዲያመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)

የዛሬው ሐተታዬ ስለ ቲፕ ነው። "አገር እንዲህ ሆና ስለ ቲፕ ታወራለህ ወይ?" የምትሉኝ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ የእህቶቻችንና የወንድሞቻችን እንጀራ ያለበት ጉዳይ ነው።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ከአንድ የኛ ምግብ ቤት ተቀምጬ ነበር። ከጎኔ ስምንት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ይዘዋል። ክትፎ መጣ፣ ጥብስ መጣ፣ በየዓይነቱ መጣ፣ ቢራው ተደጋገመ፣ በመጨረሻ ቡና ተጠጣ። ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ተቀምጠዋል። ሂሳብ ሲመጣ የምታውቁት ጦርነት ተጀመረ። "በሞቴ!" "አይሆንም፣ ዛሬ የኔ ነው!" አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፣ ሌላው ከጀርባ ዞሮ ካርዱን ለአስተናጋጇ ያቀብላል። በስተመጨረሻ አንዱ አሸነፈና 186 ዶላር ከፈለ። ተሳሳሙ፣ ተመራረቁ፣ ወጡ። ልጅቷ ወረቀቱን ስታነሳ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁና "ምነው እህቴ?" አልኳት። ሳቅ ብላ "አምስት ዶላር" አለችኝ። ሳቋ የደስታ አልነበረም።

አሁን እነዚህን ሰዎች ንፉግ ናቸው ብዬ ልናገር አልችልም። ንፉግ ሰው ሂሳብ ለመክፈል አይታገልም። እነዚሁ ሰዎች ሠርግ ላይ ወይም የሙዚቃ ምሽት ላይ ብታገኟቸው ዘፋኙ ግንባር ላይ ባለ 20 ዶላር ኖት ይለጥፋሉ፤ ሲሞቃቸው ደግሞ ይደግሙታል። ታዲያ ዘፋኙን የሸለመ እጅ አስተናጋጇ ጋ ሲደርስ ለምን ይታሰራል?

እኔ ነገሩ ከቃሉ የሚጀምር ይመስለኛል። ቲፕን ጉርሻ ብለን ተረጎምነው። ጉርሻ ደግሞ ፍቅር ነው፣ አክብሮት ነው። ደስ ካለህ ታጎርሳለህ፣ ካላለህ ትተዋለህ። ያልጎረሰ ሰው ደመወዜን ተከለከልኩ ብሎ አቤት አይልም። አዲስ አበባም ቢሆን በትልልቁ ሆቴልና ምግብ ቤት 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሂሳቡ ላይ ተደምሮ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ "መልሱን ያዢው" ካልክ ቸርነትህ ነው። ይህንን ይዘን አሜሪካ ገባን። እዚህ ግን ያ መስመር ቸርነት አይደለም፤ የልጅቷ ደመወዝ ነው።

ይህን የምለው በሕግ ደረጃ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ቢከፍል ይፈቅድለታል። ይህ ቁጥር የተወሰነው በሚያዝያ 1991 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ላይ ስንት መንግሥት ተቀያየረ፣ ያቺ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ግን ንቅንቅ አላለችም። ቨርጂኒያ ይህንኑ የፌዴራል ቁጥር ነው የምትከተለው። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ስድስት ሰዓት ቆማ የዋለች አስተናጋጅ ከአሠሪዋ የሚመጣላት 12 ዶላር ከ78 ሳንቲም ሊሆን ይችላል፤ እሱም ግብር ሳይነሳለት። ያቀረበችውን አንድ ክትፎ እንኳ አይገዛም። ይህችው ልጅ በቤልትዌይ ነድታ፣ ፖቶማክን ተሻግራ ሲልቨር ስፕሪንግ ብትቀጠር፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕግ በሰዓት 4 ዶላር ያስከፍልላታል። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ደግሞ በ2025 10 ዶላር ነበር። ያው ልጅ፣ ያው ትሪ፣ ያው ሽሮ፤ ወንዝ በተሻገረች ቁጥር ዋጋዋ ይለዋወጣል።

"ቲፕ ካልሞላ አሠሪው ይሙላላት" የሚል አለ። ልክ ነው፣ ሕጉም ይላል። ደመወዟና ቲፗ ተደምሮ የአካባቢውን ዝቅተኛ ክፍያ፣ ለምሳሌ ቨርጂኒያ ውስጥ በ2025 የነበረውን 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ካልደረሰ፣ ልዩነቱን መክፈል ያለበት አሠሪው ነው። ግን እስቲ በሐቅ እንነጋገር፤ ጋሼን ሄዳ "የዚህ ሳምንት ቲፔ አልሞላምና ይሙሉልኝ" የምትል ስንት ልጅ ታውቃላችሁ?

ይህ አሠራር ከየት መጣ ብትሉ ታሪኩ ያማል። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን ፑልማን የተባለው የባቡር ኩባንያ በብዛት ቀጠረ፤ የሚከፍላቸው ግን ትንሽ ነበር፣ ቀሪውን ከተሳፋሪ ኪስ እንዲለምኑት ተተወ። እነዚያ የባቡር ሠራተኞች በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር መሥርተው፣ 12 ዓመት ታግለው በ1937 ከኩባንያው ጋር ውል ተፈራረሙ። በ1938 የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ሲወጣም የምግብ ቤት ሠራተኛ አልተካተተም። በ1966 ሲካተት ደግሞ "ቲፑ ከደመወዙ ይታሰብለት" ተብሎ ነው። በመካከሉ አሜሪካኖች ራሳቸው ቲፕን ጠልተው ነበር፤ ዋሽንግተን ስቴት በ1909 በሕግ ከልክላው ነበር፣ ሌሎችም ተከትለዋት ነበር፤ አልዘለቀም።

እዚሁ ዋና ከተማዋም ውስጥ ክርክሩ አላለቀም። በሰኔ 2018 የዋሽንግተን ነዋሪ ለአስተናጋጅ ሙሉ ደመወዝ ይከፈል ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ በጥቅምት ወር የከተማው ምክር ቤት ሻረው። በኅዳር 2022 ሕዝቡ እንደገና፣ ከአራት ሰው ሦስቱ ገደማ፣ ይከፈል አለ። ክፍያው ከ5 ዶላር ከ35 ተነስቶ 10 ዶላር ደረሰ። በ2025 ምክር ቤቱ እንደገና ገባበትና ጭማሪው እንዲዘገይ፣ ሙሉ ደመወዝ የሚለውም እንዲቀር አደረገ። ባለ ምግብ ቤቶቻችን "እንዘጋለን" ይላሉ፣ አስተናጋጆቻችንም ለሁለት ተከፍለዋል። እኔ በግሌ ሙሉ ደመወዝ ቢከፈል እመርጣለሁ፤ ግን እኔ የምመርጠው እስኪመጣ ድረስ ልጅቷ የቤት ኪራይ በየወሩ ትከፍላለች።

ወደኛ ጉዳይ ልመለስ። የሚገርመኝ ቲፕ ሲቀር ምን እንደሚሰማው ከኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ በዚህ ከተማ ውስጥ የለም። ታክሲውን የምንነዳው እኛ፣ ኡበሩን የምንነዳው እኛ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና የምናመጣው እኛ፣ ሆቴል አልጋ የምናነጥፈው እኛ ነን። እኔም ይህን አገር ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ፓርኪንግ ነበር። በበረዶ ሮጬ መኪናውን አሙቄ አምጥቼለት፣ በሩን ዘግቶብኝ የሄደውን ሰው መልክ ዛሬም አልረሳም። ሹፌሮቻችን ቡና ላይ ሲሰበሰቡ ወሬው ምንድነው? "ከዚህ እስከ ደለስ ወሰድኩት፣ አንዲት ዶላር አልጨመረም" ነው። ይህን እያወሩ አራት ሰዓት አንድ ማኪያቶ ይዘው ይቀመጡና፣ ሲነሱ 50 ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ጥለው ይሄዳሉ።

"የኛው ልጅ ናት፣ ቤተሰብ ነን" ይባላል። ፈረንጁ 20 በመቶ ይተዋል፣ የእናቷ አገር ሰው "የኔ እህት፣ ተባረኪ" ይላታል። አንዳንዷ ልጅ ሐበሻ ያለበት ጠረጴዛ ሲደርሳት ከሥራ ባልደረባዋ ጋር እንደምትለዋወጥ ታውቃላችሁ? በብዙ ቤት ደግሞ አስተናጋጇ ከሸጠችው ላይ ተሰልቶ ለባርማኑና ጠረጴዛ ለሚያነሳው ታካፍላለች። ያቺ 186 ዶላር የሸጠችበት ጠረጴዛ 5 ዶላር ካስገኘላት፣ ከሌላ ጠረጴዛ ካገኘችው ላይ ልትጨምርበት ትችላለች። አገልግላችሁ ከኪሷ ከፈለች ማለት ነው።

ስንት ይሰጥ? ተቀምጠው በሚስተናገዱበት ቤት ከ18 እስከ 20 በመቶ ነው የዚህ አገር ልማድ። ሒሳቡ አይከብድም። 186 ዶላር ከሆነ ነጥቡን አንድ ቤት ወደ ግራ ውሰዱት፣ 18 ዶላር ከ60 ይሆናል፤ እጥፍ አድርጉት፣ 37 ከ20። ሜሪላንድ ከሆናችሁ ታክሱ 6 በመቶ ስለሆነ ታክሱን በሦስት ብታባዙ 18 በመቶ ይመጣል። ዋሽንግተን ውስጥ የምግብ ቤት ታክስ 10 በመቶ ነው፣ እጥፉ 20 ነው። "ታክስ ከፍያለሁ እኮ" የምትሉ፣ እሱ ለመንግሥት ነው የሚሄደው፤ ልጅቷ ጋ ሳንቲም አይደርስም። በቡድን ስትሄዱ ግን ወረቀቱን አንብቡ፤ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሮ ከሆነ ሁለተኛ ጊዜ መክፈል የለባችሁም፣ ገንዘቡ ለአስተናጋጁ ይደርስ እንደሆነ ግን ጠይቁ። ቆማችሁ ገዝታችሁ ለምትሄዱት እንጀራ፣ ታብሌቱ ዞሮ "25 በመቶ?" ቢላችሁ አትደንግጡ። እሱ በፈቃዳችሁ ነው፤ እኔ አንድ ሁለት ዶላር እተዋለሁ፣ የማይተውንም አልወቅስም።

አዲስ ለመጣችሁ ደግሞ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። አገር ቤት "የሻይ" የምንላት ቃል አደገኛ ናት፤ ቲፕም ጉቦም አንድ ላይ ትይዛለች። እዚህ ለፖሊስ፣ መንጃ ፈቃድ ለሚሰጠው ሠራተኛ፣ ለኢሚግሬሽን ሹም የሻይ ብላችሁ ብር ብትዘረጉ ወንጀል ነው። ፖስታ የሚያመጣላችሁም ሰው ጥሬ ገንዘብ መቀበል አይፈቀድለትም።

አሁን ለባለ ምግብ ቤቶቻችን። ብዙዎቻችሁን አከብራለሁ፣ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ቆማችሁ ይህን ማኅበረሰብ የመገባችሁ ናችሁ። ግን ከልጆቹ የምሰማው አለ። ከመጋቢት 2018 ጀምሮ የፌዴራል ሕጉ ግልጽ ነው፤ ባለቤትም ሆነ ሥራ አስኪያጅ የሠራተኛን ቲፕ መውሰድ አይችልም፣ ተሰብስቦ ከሚከፋፈለውም ድርሻ የለውም። ራሱ ብቻውን ላስተናገደው ጠረጴዛ የተሰጠውን ነው መያዝ የሚችለው። ቲፗ ከደመወዟ የሚታሰብላትን ልጅ፣ ደንበኛ ሳይከፍል ስላመለጠ ወይም ብርጭቆ ስለተሰበረ ከቲፗ መቁረጥም አይፈቀድም። ተወስዶብኛል የምትል ልጅ በአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል፣ በ1-866-487-9243 መደወል ትችላለች። የመኖሪያ ወረቀት አይጠይቋትም። ከተረጋገጠላት የተወሰደባትን ከነእኩል ካሳው ማግኘት ትችላለች። ጊዜው ግን ያልፋል፤ በአጠቃላይ ሁለት ዓመት ነው፣ አሠሪው ሆን ብሎ ያደረገው ከሆነ ሦስት።

ለአስተናጋጆቹም የምለው አለኝ፣ አትቀየሙኝ። በጥሬው የመጣውን ቲፕ መደበቅ ዛሬ ያተረፈ ይመስላል። በወር 20 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ለአሠሪ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ቅጣቱን እንኳ ብንተወው፣ አንዲት ልጅ አምስት ዓመት ሠርታ እናቷን ልታመጣ ፎርም ሞላች እንበል። ስፖንሰር የሚሆን ሰው ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ የሚታየውም የግብር ወረቀቷ ነው። ወረቀቷ ላይ ያለው ያቺ ትንሿ ደመወዝ ብቻ ከሆነ እናቷን ለማምጣት ሌላ ሰው ደጅ ትጠናለች። ቤት ለመግዛት ብድር ስትጠይቅም፣ ጡረታ ስትወጣም ያው ነው። በዚያ ላይ በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ከ2025 እስከ 2028 ድረስ እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ ከፌዴራል የገቢ ግብር እንዲቀነስ ፈቅዷል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቀረጡ አይቀርም። ተቀናሹን የምታገኘው ግን የታወቀው ቲፕ ብቻ ነው፤ ሂሳብ ላይ በግድ የሚደመረውም የአገልግሎት ክፍያ እንደ ቲፕ አይቆጠርም።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ። የገና ሰሞን ደለስ ኤርፖርት ወላጆቻችንን ለመቀበል እንጎርፋለን። እናታችን በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው ይወጣሉ፤ የሚገፋቸው ብዙ ጊዜ የኛው ልጅ ነው። ከአውሮፕላኑ በር ጀምሮ ኢሚግሬሽኑን አስተርጉሞላቸው፣ ሻንጣቸውን ፈልጎላቸው ነው የሚያመጣቸው። እሳቸው "የኔ ልጅ፣ እደግ፣ ተመንደግ" ብለው መርቀው ይስሙታል። እኛ አበባ ይዘን፣ ስልካችንን ደቅነን ቪዲዮ እንቀርጻለን። ልጁ ወንበሩን ይዞ ትንሽ ይቆማል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ በብዙ ቦታ አፍ አውጥቶ እንዲጠይቅ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ከቤት ስትወጡ ባለ አምስትና ባለ አሥር ዶላር ኖት ዘርዝራችሁ በኪሳችሁ ያዙ፤ ኤርፖርቱ ውስጥ ካርድ አይቀበላችሁም።

ለዛሬ ይብቃኝ።