በአጭር ድራማ ስለሚታይ ክሕደት፥ በቀልና ውርደት
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን በአዳራሽ የተነገረ)



ከትምህርት መልስ፥ በሞጆ መንገድ የከባድ መኪናው ጡሩምባ ሳያቋርጥ፥ ብዙዎቻችን በስልካችን ላይ አቀርቅረን የምናየው ነገር አለ። እርሱም በቻይና ተስፋፍቶ በዓለም የተዛመተው፥ አንዱ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጠው አጭር ድራማ ነው።

ታሪኩ ዘወትር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ባል ወይም ወዳጅ ይከዳል፤ የተከዳው ሲናቅ ይቈይና ባለጸጋ ኾኖ ብቅ ይላል፤ ከዳተኛውንም በሰርግ አዳራሽ በሰው ፊት ያንበረክከዋል። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በነጻ ይታያሉ፤ ጥፊው ሊያርፍ ሲል ግን ገንዘብ ክፈሉ ይባላል። እኔም የምሳዬን ብር ለኢንተርኔት ጥቅል ያዋልኩበት ቀን አለ፤ እናቴ ይቅር ትበለኝ።

ይኸን መሰል ትርኢት አገራችን በእውነት አይታዋለች። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኀብ በፊልም አንሥቶ ነበር። ደርግ ይህን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋራ እያፈራረቀ፥ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው አስወጥቶ በትንሽ ቮልስዋገን ወሰዳቸው። በመንገድ የቆመው ሰው «ሌባ! ሌባ!» እያለ ጮኸ።

የስልኩ ድራማ ቢኾን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ረኀቡ ተደብቆ መቈየቱ እውነት ነው፤ በዚያ የተቈጣውን ሰው አልወቅስም። ነገር ግን የመኪናው በር ከተዘጋ በኋላ ታሪኩ ቀጠለ። ኅዳር 14 ቀን ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ተረሸኑ። ንጉሠ ነገሥቱም በነሐሴ 1967 ሞቱ፤ አጽማቸው ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር የወጣው በ1984፥ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው በ1993 ነው።

ይኸን የማነሣው በራሴ ምክንያት ነው። የድራማ ክበባችን ለዚህ በዓል ባዘጋጀው ተውኔት የሚዋረደው አለቃ እኔ ነኝ። በልምምድ ቀን ተንበርክኬ ስለምን ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ። አንድ ልጅ ብቻ አልሣቀም። አባቱ ከሥራ በተባረረ ጊዜ የሚያውቁት ሰዎች በር ላይ ቆመው እንደ ሣቁበት የነገረኝ በኋላ ነው። (አሁን የምናገረው እርሱ ፈቅዶልኝ ነው።)

ስለዚህ አንድ ትዕይንት ጨመርን፤ የተዋረደው ሰው ሲመሽ ወደ ቤቱ ይመለሳል፥ ልጁም በሩን ይከፍትለታል። ምን እንደሚባባሉ ግን እስከ ትናንት ማታ ተከራክረን መስማማት አልቻልንም። ከሰዓት በኋላ ስታዩት ዝም ብለው ራት ይበላሉ።